ስሙ የከለለው በሽታ፦ የአንጀት ሲል ከባግዳድ እስከ ጉለሌ

«የአንጀት ነቀርሳ» የሚለው ስያሜ በዛሬው አማርኛ ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን ይሸከማል። አንደኛው በቲቢ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በአብዛኛው በ6 ወር መድኃኒት የሚድን የአንጀት ሕመም ነው። ሁለተኛው ካንሰር ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ሁሉም ሰው ቲቢን ይረዳል፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባልም ካንሰር መሆኑን የሚስት የለም። ቃሉ አንጀት ላይ ሲያርፍ ግን ሰሚው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለይበት ምልክት አያገኝም። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚታከሙ ወገኖች ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡና ሕክምናውን በዘመድ ምክር የሚከታተሉ ናቸው፤ ለእነርሱ ይህ የቃል ብዥታ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊድን የሚችልን ሕመም የማይድን አድርጎ ወደ ቤት ይዞ መመለስ ከዚህ ይጀምራልና።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የአንጀት ቲቢ በታሪኩ ሁሉ ስሙ የከለለው በሽታ ነው። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች በሽታውን በሳንባ ስም ስለጠሩት በአንጀት ያለውን ሌላ ሕመም አድርገው ጻፉት፤ እኛ ደግሞ በነቀርሳ ስም ስለጠራነው ከካንሰር ጋር ቀላቀልነው። የእስልምና ሊቃውንት በሕክምናም በፊቅህም ያወረሱን ሥርዓት ግን ስሙንና ነገሩን ሳያረጋግጡ ወደ ፍርድ አለመሄድን ያስተምራል። ዘመናትን ስንጠቅስ «ዓ.ሂ.» የሂጅራን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» የአውሮፓውያኑን ያመለክታል፤ «ዓ.ም.» የምንለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሲል፣ ዲቅና ቁለንጅ

በዐረብኛ የሕክምና መጻሕፍት ይህ በሽታ «ሲል» ይባላል። ቃሉ ቀስ ብሎ መመዘዝንና መመንመንን ያመለክታል፤ ግሪኮቹ ለዚሁ ሕመም የሰጡት ስምም መክሳትን የሚገልጽ ነበር። ከሲል ጋር ተያይዛ የምትነሣው የማትለቅ ትኩሳት ደግሞ «ሑማ አድ-ዲቅ» ተብላለች። ሁለቱም ስሞች የተወሰዱት ከሚታየው ነገር ነው፦ ሰውየው ይከሳል፣ ይተኩሳል፣ ያልቃል። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ስሞቹ አይናገሩም።

በ3ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ (በ260 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ873 የሞተ) የሂፖክራጥስንና የጋሌንን ሥራዎች ወደ ሱርስትና ዐረብኛ ሲመልስ፣ ከእነርሱ ጋር አንድ ጥንታዊ የሐኪም ትዝብት ወደ ሙስሊሙ ዓለም ገባ። ይኸውም በሲል የተያዘ ሰው ሆዱ መፍሰስ ሲጀምር ሞቱ እንደቀረበ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ትዝብቱ ትክክል ነበር። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በከባድ የሳንባ ቲቢ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንጀታቸው ጭምር የቆሰለ እንደነበር ኋላ ላይ የሬሳ ምርመራ አሳይቷል። በሽተኛው አክታውን ሲውጥ ባክቴሪያው ወደ አንጀት ይወርድ ነበር። ጥንታውያኑ ግን ተቅማጡን የሞት ምልክት አድርገው ያዙት እንጂ የዚያው በሽታ ሌላ ማደሪያ አድርገው አላዩትም።

አቡ በክር አር-ራዚ (በ313 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ925 የሞተ) ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ በጻፈው መጽሐፉ ይታወቃል። ተመሳሳይ መልክ ያላቸውን ሕመሞች በምልክቶቻቸው መለየት የእርሱ ትልቁ ትምህርት ነበር። «ቁለንጅ» ስለሚባለው ከባድ የሆድ ቁርጠትም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። ኢብን ሲና (በ370 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ980 የተወለደ፣ በ428 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተ) በበኩሉ በቁለንጅ ላይ ሪሳላ አለው። ደቀ መዝሙሩ አል-ጁዝጃኒ እንደዘገበው፣ ኢብን ሲና ራሱ ወደ ሞት ያደረሰው ሕመም ቁለንጅ ሲሆን፣ ለመዳን ቸኩሎ በአንድ ቀን ደጋግሞ የወሰደው የሑቅና መድኃኒት አንጀቱን አቁስሎት ነበር።

የኢብን ሲና ታላቅ ሥራ «አል-ቃኑን ፊ ጥ-ጢብ» 5 መጻሕፍት አሉት። ሦስተኛው የአካልን ሕመሞች ከራስ ጀምሮ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ይህ አደራደር ለተማሪና ለሐኪም እጅግ የሚመች ነበር፤ መጽሐፉ በ12ኛው ምእተ ዓመት በጌራርድ ዘክሬሞና አማካይነት በቶሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ማስተማሪያ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ምቹነቱ ነው። አደራደሩ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ሲል የሳንባ ቁስል ተብሎ ከደረት ሕመሞች ጋር ተቀመጠ። የአንጀት ቁስል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ቁለንጅ ከብዙ ምዕራፎች በኋላ በሆድ ክፍል ተቀመጡ። ሳንባውና አንጀቱ በአንድ ተሕዋስ ሊታመሙ እንደሚችሉ የሚያሳይ ድልድይ በሁለቱ ምዕራፎች መካከል አልተሠራም።

ይህን የምንለው የቀደሙትን ለመውቀስ አይደለም። የሰውን ሆድ ከፍቶ፣ ቁስልን ከቁስል ጋር በዓይን አስተያይቶ የሚያስተምር ሥርዓት በየትኛውም አገር በስፋት አልነበረም። ሆኖም ቀዶ ሕክምና ከአንጀት ርቆ ነበር ማለት አይቻልም። አንዳሉሳዊው አዝ-ዘህራዊ (እ.ኤ.አ. 936–1013) በ30 ክፍሎች ባዘጋጀው «አት-ተስሪፍ» ውስጥ የተቀደደ አንጀትን ስለ መስፋት ጽፏል። ከእንስሳ አንጀት በሚሠራ ክር መስፋትን፣ እንዲሁም የትላልቅ ጉንዳኖችን መንጋጋ እንደ መርፌ መጠቀምን ጠቅሷል። በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚቀር ክር አሳብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነበር።

የፊቅህ ሊቃውንት በአንድ ዝርዝር ያኖሩት

ሐኪሞቹ በተለያዩ ምዕራፎች ያስቀመጧቸው ሕመሞች በሌላ የዕውቀት ዘርፍ ጎን ለጎን ተጽፈው እናገኛቸዋለን። በኢትዮጵያ የሻፊዒ መዝሀብ ሐለቃዎች ተማሪዎች ከሚማሯቸው ኪታቦች አንዱ የኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ1277 የሞቱ) «ሚንሃጁ ጥ-ጣሊቢን» ነው። በኑዛዜ ምዕራፉ «አስፈሪ» ስለተባሉ ሕመሞች ይናገራል። አስፈሪ የተባለ ሕመም የያዘው ሰው ከሞተ፣ በዚያ ሁኔታ የሰጠው ስጦታ ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፤ የወራሾች መብት ተጣብቆበታልና። ቁለንጅ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥና ዲቅ በዚያ ዝርዝር አብረው ተሰልፈዋል።

ፉቀሃኡ እነዚህን ሕመሞች አንድ በሽታ አድርገው አላዩም፤ እንዲያ ብንል ያላሰቡትን ማሰብ ይሆንብናል። የፈለጉት የሕመሙን ውጤት ነበር። ነገር ግን ለዛሬው አንባቢ ከዝርዝሩ ይልቅ ተከትሎት የሚመጣው ድንጋጌ ይበልጥ ይጠቅማል። ሕመሙ አስፈሪ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጥርጣሬ ከተነሣ፣ ጉዳዩ የሚረጋገጠው በሁለት ታማኝ ሐኪሞች ምስክርነት ነው። የፊቅህ ሊቁ የሕመሙን ምንነት ከራሱ አይናገርም፤ ከሚያውቀው ሰው ይቀበላል። የሸሪዓው ፍርድ በሕክምናው እውነት ላይ ይቆማል ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ስለ መተላለፍ የተደረገው ክርክር

ሲል ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል ወይ የሚለው ጥያቄ በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ከሐኪሞቹ ባላነሰ ተመርምሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ በራሱ ኃይል እንደማይሻገር የተናገሩበት ሐዲስ አለ፤ ከቁምጥና በሽተኛ መራቅን ያዘዙበት፣ የታመሙ ግመሎች ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ የከለከሉበትም አለ። ኢብን ቁተይባ (በ276 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ889 የሞቱ) የሚቃረኑ የሚመስሉ ሐዲሶችን ባስታረቁበት መጽሐፋቸው ሲልን በስም ጠቅሰዋል። ሐኪሞች ከሲል በሽተኛ ጋር አዘውትሮ መቀመጥን እንደሚከለክሉ ይገልጻሉ። ምክንያቱንም የሚሰጡት ከበሽተኛው አካል ወጥቶ አብሮት የሚቀመጠውን በሚጎዳ ሽታ ነው እንጂ ዐረቦች በጃሂሊያ ባመኑት ዓይነት መተላለፍ አይደለም። ኢብን ሲናም በቃኑን ሲልን ከሚተላለፉ ሕመሞች ጋር ቆጥሮታል። ከእነርሱ በኋላ የግራናዳው ሊሳኑ ድ-ዲን ኢብኑ ል-ኸጢብ (በ776 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ1374 የሞተ) በዘመኑ ስለ ነበረው ወረርሽኝ ሲጽፍ፣ መተላለፉ በልምድና በምርመራ እንደተረጋገጠ፣ በስሜት ሕዋስ የተረጋገጠን ነገር የሚቃረን የሚመስል ዘገባም መተርጎም እንዳለበት ተከራክሯል።

እነዚህ ሰዎች ባክቴሪያን አላዩም። ያስተዋሉት ግን በአየርና በአብሮ መኖር የሚመጣውን መንገድ ነበር። በአፍ፣ በምግብና በወተት የሚገባው መንገድ እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ድረስ አልተገለጠም።

የሁለቱ ምዕራፎች መገናኘት

ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1819 በፓሪስ ባሳተመው ሥራ፣ በሳንባ የሚታየው ቡጥ መሰል እብጠት በሌሎች የአካል ክፍሎች ከሚታየው ጋር አንድ መሆኑን በሬሳ ምርመራ አሳየ። በቃኑን ተራርቀው የነበሩት የሳንባና የአንጀት ምዕራፎች በዚህ ተቀራረቡ። ቪልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ከበሽተኛ የወሰደውን ወደ ጥንቸሎች በመከተብ በሽታው ተላላፊ መሆኑን አረጋገጠ። ሾቮ እ.ኤ.አ. በ1868 ጥጆችን በበሽታው የተበከለ ነገር አብልቶ በሽታው በአፍም እንደሚገባ አሳየ። ከዚያም ኮኽ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን ባክቴሪያውን ይፋ አደረገ። ከዚህ ቀን በኋላ ሲል የሚለው ስም ከመክሳት ወደ ምክንያት ተሻገረ፤ ሳንባ ላይ ይሁን አንጀት ላይ በሽታው አንድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ታላቅ ሰውም ይስታል። ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1901 በለንደን ጉባኤ ላይ የከብት ቲቢ ለሰው ይህን ያህል እንደማያሰጋ ተናገረ። የብሪታንያ መንግሥት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሞ እስከ 1911 ድረስ አስጠናው። ውጤቱም የታመመች ላም ወተት በተለይ ሕፃናትን እንደሚያሳምም አረጋገጠ። በወተት የሚገባው ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚያርፈው በአንገት ንፍፊቶችና በሆድ ውስጥ ነበር። ወተትን በሙቀት ማከም በብዙ አገሮች የሕግ ግዴታ ለመሆን ከዚያም በኋላ አሥርተ ዓመታት ወስዷል።

አንጀት የበሽታው በር ብቻ ሳይሆን የክትባቱም በር ነበር። በሊል የፓስተር ተቋም ካልሜትና ጌራን ከከብት ቲቢ ያላመዱት የቢሲጂ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ሲሰጥ በአፍ ነበር የተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1930 በጀርመኗ ሉቤክ ከተማ የደረሰው ግን ዓለምን አስደነገጠ። በስሕተት አደገኛ ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ክትባት በአፍ የወሰዱ ከ70 በላይ ሕፃናት በቲቢ ሞቱ። ክትባቱ ራሱ ንጹሕ መሆኑ በምርመራ ቢረጋገጥም፣ አደጋው የቲቢ ባክቴሪያ በአንጀት በኩል ገብቶ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳዛኝ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

ሦስት የጉለሌ ስሞች

ይህ ታሪክ ወደ አገራችን ሲመጣ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ በሦስት የቦታ ስሞች ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን፦ ፓስተር፣ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ።

ፓስተር የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ የፓስተር ተቋም ጋር ተያይዞ በዚያ ከነበረው የምርምርና የክትባት ማዕከል ነው። ማዕከሉ በስምም በአደረጃጀትም ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ የአገሪቱ የቲቢ ሪፈረንስ ላቦራቶሪም የሚገኘው በዚሁ ነው። ወተትን የማሞቅን ጥበብ በስሙ የሰጠን ሰው፣ የቢሲጂም ምንጭ የሆነው ተቋም ስም፣ ታክሲ ረዳቶች በየቀኑ የሚጠሩት የሠፈር ስም ሆኖ መኖሩ የሚያስገርም ነው።

አጠገቡ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በጀርመን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የተቋቋመ ሲሆን፣ መነሻ ዓላማው የድሃውን ሕዝብ ማከም ነበር። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሲከበር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፍቶበት የሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሆነ። ለሙስሊም አንባቢ ይህ ዓላማ እንግዳ አይደለም። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 (683 ዓ.ሂ.) በካይሮ ያሠሩት የመንሱሪ ቢማሪስታን በወቅፍ ገቢ ድሃውንም ባለጸጋውንም ያለ ክፍያ ያክም ነበር፤ የሳንባን የደም ዝውውር የገለጠው ኢብን አን-ነፊስ (በ687 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ1288 የሞተ) ቤቱንና መጻሕፍቱን ያወረሰው ለዚሁ ሆስፒታል ነው። ድሃውን ያለ ክፍያ የማከም ሐሳብ በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ ሥር አለው።

ሦስተኛው ወደ እንጦጦ አቀበት ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የቲቢ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ በሙከራ የተጀመረው ሥርዓት፣ መድኃኒቱ በጤና ባለሙያ ክትትል ሥር እንዲወሰድ የሚያደርገው፣ ወደ መላ አገሪቱ ተዳርሷል። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከሕሙማኑ 3 አንድ ያህሉ ቲቢው ከሳንባ ውጭ ያለባቸው ናቸው። ይህ ድርሻ ከዓለም አማካይ በእጅጉ ይበልጣል።

ለምን በለጠ? ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ጥሬ ወተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ከሳንባና ከንፍፊት ቲቢ ሕሙማን የተገኙ 964 ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት ግን የከብቱ ዝርያ ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። በሁለቱም የሕመም ዓይነቶች ላይ የተገኙት የሰው ቲቢ ዝርያዎችም ተመሳሳይ ነበሩ። በዚሁ የምርምር ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ ጋር ብቻ የተያያዘ፣ በተለይ በወልዲያ አካባቢ የተገኘ አዲስ የዘር ሐረግ ታወቀ፤ ተመራማሪዎች 7ኛው ሐረግ ይሉታል። ጥናቱ የአንጀትን ቲቢ ለይቶ አልመረመረም። የሚያስተምረን ግን አለ፦ በአገራችን ከሳንባ ውጭ ያለው ቲቢ በአብዛኛው ከሰው የተቀበልነው ነው፤ ስለዚህ ሳል ያለበትን ቤተሰብ ማስመርመር የሆድንም ሕመም መከላከል ነው። ይህ ሲባል ወተቱን ማፍላት ይቅር ማለት አይደለም። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በዘመናዊ አረባብ በተያዙ የወተት ላሞች መካከል የከብት ቲቢ በስፋት ይገኛል፤ ወተቱን ማርጋት ብቻውን ባክቴሪያውን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም፤ ማፍላት ግን ይገድላል።

በሽታው ዛሬ እንዴት ይለያል፣ እንዴት ይታከማል

የአንጀት ቲቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጠቃው ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን፣ በሆድ ቀኝ ታችኛ ክፍል ያለውን ቦታ ነው። በዚያ የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ ብዙ ነው፤ ምግቡም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ባክቴሪያው የአንጀቱን ግድግዳ ያቆስላል ወይም ያወፍራል፤ ሲድንም ጠባሳው አንጀቱን ሊያጠብበው ይችላል። በሽተኛው ለወራት የሚመላለስ የሆድ ሕመም፣ ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ አንዳንዴ ተቅማጥ፣ አንዳንዴ ድርቀት ይኖረዋል። በሽታው የሆድን ሽፋን ሲይዝ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል። ብዙዎቹ ሳል የላቸውም፤ የአክታ ምርመራቸውም ነጻ ሊሆን ይችላል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ከሳንባ ውጭ ለሆነ ቲቢ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

እነዚህን ምልክቶች የሚጋሩ ሕመሞች ብዙ ናቸው፦ አሜባ፣ የአንጀት ካንሰር፣ የትርፍ አንጀት መቆጣት፣ እንዲሁም ክሮን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1932 በኒው ዮርክ የገለጹት፣ በስሙም የሚጠራው የአንጀት ቁጣ። ክሮንን ከቲቢ መለየት የዛሬ የሆድ ሐኪሞችን በጣም ከሚያስቸግሩ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ ለክሮን የሚሰጡት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ቲቢን ያባብሱታልና። ሐኪሙ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ያያል፤ በኮሎኖስኮፒ አንጀቱን ውስጥ ተመልክቶ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሐሉ እንደ አይብ የሟሸሸ ግራኑሎማ ከተገኘ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ሳምንታት ይፈጃል፤ ፈጣኑ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ በአንጀት ናሙና ላይ ባክቴሪያውን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። በመሆኑም ውጤቱ ነጻ መሆኑ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን የለየበት ሥርዓት፣ ምልክትን ከምልክት ጋር አነጻጽሮ መመዘን፣ በዚህ ቦታ ዛሬም አልተሻረም።

ሕክምናው ከሳንባው ጋር አንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል፣ ይሰጣሉ፤ ከዚያ 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ይቀጥላሉ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አንጀት ሲዘጋ፣ ሲበሳ ወይም ሲደማ ነው፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም። ሁለት ነገሮች ሕሙማንን ከመንገድ ያስቀራሉ። አንደኛው ሪፋምፒሲን ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ቀይ መለወጡ ነው፤ ጉዳት የሌለው ቢሆንም ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ያቋርጣል። ሁለተኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚመጣው የመዳን ስሜት ነው፤ ጤና ተመለሰ ብሎ ማቆም በሽታውን መድኃኒት የለመደ ያደርገዋል። በአንጻሩ ዓይን ቢጫ ሲሆን ወይም ዕይታ ሲደበዝዝ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

ፍርዱ በምርመራው ላይ ይቆማል

አሁን ወደ አን-ነወዊ ድንጋጌ እንመለስ። ረመዳን በመጣ ቁጥር የአንጀት ሕመምተኛው ወደ መስጊዱ ኢማም ይዞት የሚሄደው ጥያቄ አለ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ፉቀሃእ ደግሞ ሕመምተኛውን በሁለት ይከፍሉታል። መዳን የሚጠበቅለት ሰው ሲድን ቀዷ ያወጣል። መዳን የማይጠበቅለት ሰው ጾሙ ይወርድለትና በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ በየቀኑ ድሃ በማብላት ፊድያ ይከፍላል። እንግዲህ «የአንጀት ነቀርሳ» ያለው ሰው ከየትኛው ወገን ነው? ቲቢ ከሆነ በመርሁ የመጀመሪያው ነው፤ 6 ወር ጨርሶ ሲድን ጾሙን ያወጣል። የተስፋፋ ካንሰር ከሆነ ምናልባት ሁለተኛው ነው። በአንድ ቃል የሚጠሩ ሁለት ሕመሞች ሁለት የተለያዩ ሑክሞች አሏቸው። ኢማሙ «የትኛው ነቀርሳ?» ብሎ ሳይጠይቅና የሐኪሙን ቃል ሳይሰማ ቢመልስ፣ የሚድነውን ሰው ከማይድኑት ጎራ ሊያስቆጥረው ይችላል።

ሕክምናው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ሰውነቱ የበረታ ሕመምተኛ ሰዓቱን ወደ ሌሊት አዛውሮ መጾም ይችል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይችላል። ገና የከሳና አንጀቱ ምግብን በወጉ የማይቀበል ሰው ግን ሩኽሳውን መቀበሉ ለራሱም ለዲኑም የተሻለ ነው፤ ነፍስን መጠበቅ ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱ) ከዘረዘሯቸው 5 የሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነውና። ሩቅያም፣ ዱዓም፣ ዘምዘምም መድኃኒቱን አስትተው ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር የሚሄዱ ናቸው። ኢብኑ ል-ቀይም (በ751 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. በ1350 የሞቱ) በነቢያዊ ሕክምና ላይ በጻፉት ሥራ ሰበብ መያዝ ተወኩልን እንደማይቃረን አስረድተዋል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። ሐኪሞቻችን፣ ጋዜጠኞቻችንና ዑለማኦቻችን ለዚህ በሽታ «የአንጀት ቲቢ»፣ ለሌላው «የአንጀት ካንሰር» የሚሉትን ስሞች ቢያጸኑ ብዥታው በከፊል ይወገዳል። ሁለተኛው የመስጊዱ ነው። መድኃኒት የጀመረ ጀመዓ 6ኛው ወር እስኪያልቅ ድረስ «ዛሬ ወሰድህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ከዕለታዊው ሶላት ይልቅ ለዚህ የሚመች ሰዓት የለም።